ነዳያንን በአደባባይ ስለ ማብላትና ከተሞች ስላወጡት ክልከላ

በያዝነው ዘመን በአንዳንድ ታላላቅ ከተሞች፥ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ፥ ለተራበ ሰው በአደባባይ ምግብ መስጠት በሕግ የሚያስቀጣ ነገር ሆኖአል ቢባል ለብዙዎቻችን ተረት ይመስላል። በአገራችን በየደብሩ ዐጸድ ዝክር ሲዘከር ተዝካርም ሲወጣ ነዳያን በረድፍ ተቀምጠው ሲበሉ እያየ ያደገ ሰው፥ እንጀራ የቈረሰን እጅ ፖሊስ ይይዘዋል ቢሉት እንዴት ያምናል? ዳሩ ግን ነገሩ እውነት ነው። አዲስም አይደለም። እንዲህ ያለው ሕግ በክርስቲያን አገሮች ብዙ መቶ ዓመት ያስቈጠረ ታሪክ አለው፤ ስለዚህ ከሥሩ ጀምረን እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው የዘመን ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ከወንጌል አንድ ነገር እናስታውስ። ጌታችን በምድረ በዳ ሕዝቡን ሲያስተምር በመሸ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ የመከሩት ምክር ሕዝቡን እንዲያሰናብትና ሰዎቹም ወደ መንደር ሄደው ምግብ እንዲገዙ ነበር። ይህ ምክር የክፉ ሰዎች ምክር አልነበረም። ሰዓቱ መሽቶአል፥ ቦታው ምድረ በዳ ነው፥ የሕዝቡ ቍጥር ብዙ ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ የተናገሩት አንድ ጥሩ የከተማ ሹም የሚናገረውን ነው። ጌታችን ግን አላሰናበተም፤ ሕዝቡን በመቶና በአምሳ አድርጎ በሣር ላይ አስቀመጠና አበላ። ልብ አድርጉ፤ ሥርዓትን አልናቀም፤ መቀመጫው በረድፍ ነበረ፥ ፍርፋሪውም ሳይቀር ተሰብስቦአል። የሐዋርያት ሥራም ይህንኑ ይመሰክራል። በኢየሩሳሌም በዕለቱ ማዕድ ላይ ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ሰባት ዲያቆናትን ሾሙለት እንጂ ማዕዱን አላጠፉትም። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያጋጥመንን ሕግ ሁሉ ማዕዱን የሚያደራጅ ነው ወይስ ማዕዱን የሚያነሣ ነው ብለን እየጠየቅን እንሂድ።

በ369 ዓመት ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ቅዱስ ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ ነበረ። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቀብር ንግግሩ እንደ ተናገረው፥ ባስልዮስ በቃሉ የባለጠጎችን ጐተራ አስከፍቶ የተራቡትን ወንዱን፥ ሴቱን፥ ሕፃኑንና ሽማግሌውን በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ የባቄላና የአተር ዐይነት ሾርባ በድስት አስቀቀለ፤ ከአገልጋዮቹም ጋር ራሱ ታጥቆ አቀረበ። በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በስሙ ባስልያስ የተባለውን የእንግዶችና የድውያን ቤት ሠራ። ይህ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ስለ ነበር፥ አንድ ሰው ተነሥቶ «እነሆ ባስልዮስም ድኾችን ከከተማ አስወጥቶአል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ጎርጎርዮስ እንደሚነግረን ባስልዮስ ራሱ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ ለምጻሞችንም ይስማቸው ነበር። ቤቱ ድኾች ከዓይን የሚሰወሩበት ሳይሆን ባለጠጎችም የሚሄዱበት ስፍራ ሆነ፤ ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያ ሳለ አንድ የክረምት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በገበያውና በየመንገዱ የወደቁትን ድኾች አይቶ፥ ያሰበውን ትምህርት ትቶ ስለ እነርሱ ሰብኮአል። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ 3000 መበለታትንና ደናግልን ትመግብ እንደ ነበር ራሱ ተናግሮአል። ማንነታቸውን እየመረመሩ ምጽዋት የሚከለክሉትን ሰዎችም አጥብቆ ይገሥጽ ነበር።

እንዲህ የሚመረምር ሕግ ግን ሲመጣ ብዙ አልቈየም። ባስልዮስ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ በ382 ዓመት ነገሥታቱ ግራትያኖስ፥ ቫሌንትንያኖስና ቴዎዶስዮስ ባወጡት ሕግ፥ በመንገድ የሚለምን ሰው አካሉ እየተመረመረ፥ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ ባሪያ ከሆነ ለአመልካቹ እንዲሰጥ፥ ጨዋ ከሆነም የእርሻ ገባር ሆኖ እንዲታሰር አዘዙ። የተፈረደው በለማኙ ላይ ነው፤ በሰጪው ላይ ገና እጅ አልተዘረጋም።

በሰጪው ላይ እጅ የተዘረጋው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1348 በገባው ታላቅ ቸነፈር ሕዝቡ ካለቀ በኋላ የቀሩት ሠራተኞች ደመወዛቸው እንዲጨመር ጠየቁ። ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1349 ዓመት ደመወዝን በቀድሞው ልክ የሚያስር አዋጅ አወጣ፤ በዚያው አዋጅ ለሥራ ብርቱ ለሆነ ለማኝ ምጽዋት የሰጠ ሰው እንዲታሰር ተጻፈ። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ እንጀራ በደጅ ከተገኘ ሠራተኛው በጥቂት ደመወዝ አያድርም። እንግዲህ ሕጉ የተጻፈው ለድኻው ታስቦ ሳይሆን ለባለ መሬቱ ታስቦ ነው፤ ይህ በኋላ ዘመን እንዲህ በግልጥ ተጽፎ የማይገኝ ነገር ስለ ሆነ እዚህ ላይ ማስታወሱ ይጠቅማል።

የ16ኛው መቶ ዓመት ነገር ግን ከዚህ የተለየና የሚያከራክር ነው። በፍላንደርስ አገር በኢፕር ከተማ በ1525 ዓመት ሹማምንቱ አዲስ ሥርዓት አቆሙ። የድኾች ገንዘብ በአንድ ሣጥን ይሰበሰባል፤ የተመረጡ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ የችግረኛውን ኑሮ ይመረምራሉ፤ በመንገድ መለመንም ይቀራል። በሚከተለው ዓመት በ1526 የቫሌንሲያው ተወላጅ ሊቅ ኁዋን ሉዊስ ቪቬስ ለብሩዥ ከተማ ሹማምንት ስለ ድኾች ርዳታ መጽሐፍ ጽፎ አቀረበ፤ የድኻው ጉዳይ የከተማው መንግሥት ግዴታ መሆኑን አስተማረ። ይህ ሐሳብ በብዙ ወገን የሚመሰገን ነው፤ ድኻ በበረዶ መንገድ ላይ ከሚያለቅስ በቤቱ ሳለ ቢጐበኝ ማን ይጠላል? ነገር ግን በልመና የሚኖሩ የላቲን መነኮሳት ተቃወሙና ክርክሩ ወደ ፓሪስ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ቀረበ።

እነዚህ ሊቃውንት በ1531 የሰጡት ውሳኔ ለዛሬው ክርክር ሁሉ መሠረት ሊሆን የሚገባው ይመስለናል። የኢፕርን ሥርዓት ከባድ ቢሆንም ጠቃሚ ነው ብለው ተቀበሉት፤ ግን ወሰን አበጁለት። የጋራው ሣጥን ካልበቃ ድኻው እንዳይለምን አይከልከል፤ ማንም ሰው በግልጥም ሆነ በስውር ምጽዋት እንዳይሰጥ በሕግ አይከልከል፤ በድኾችም ስም የቤተ ክርስቲያን ሀብት አይወሰድ። እኛ በትምህርት ከላቲኖች የተለየን ብንሆንም፥ ይህ ፍርድ ከሐዋርያት ሥርዓት የራቀ አይደለም። በ1545 ዓመትም በስፓኝ አገር በሳላማንካ ዶሚንጎ ዴ ሶቶና ኁዋን ዴ ሮብሌስ የተባሉ ሁለት መነኮሳት በዚሁ ነገር ላይ አንዱ ለድኻው ነጻነት ሌላው ለሥርዓቱ ቆመው መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አወጡ።

እንግሊዝ ግን የፓሪስን ወሰን አልጠበቀችም። በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1536 ዓመት የወጣው ሕግ፥ ምጽዋት ሁሉ በየአጥቢያው በሚቆመው የጋራ ሣጥን እንዲገባ አዘዘ፤ በአደባባይ ለብዙ ሰው ያደለ የሰጠውን አሥር እጥፍ እንዲከፍል ወሰነ። በዚያው በ1536 ዓመት የዓመት ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆነ ገዳማት እንዲዘጉና ሀብታቸው ለንጉሡ እንዲሆን ሌላ ሕግ ወጣ፤ እስከ 1540ም ድረስ ትልልቆቹ ጭምር ጠፉ። በገዳም ለምንኖር ለእኛ ይህ የሚያስደነግጥ ንባብ ነው። አንዱ ሕግ በመንገድ ያለውን እጅ ሲያስር፥ ሌላው ሕግ ድኻው ቁራሽ የሚቀበልበትን የገዳም ደጅ ዘጋ። የጋራው ሣጥንም በቂ ሆኖ አልሞላም፤ ያ የምጽዋት ሕግ ብዙ ሳይቈይ ቀረ፤ የገዳማቱ ደጅ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። መንግሥት «እኔ እሻላለሁ፤ እናንተ ተዉ» ባለ ጊዜ አስቀድሞ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በዚሁ መቶ ዓመት ይህች ቅድስት ከተማ የተለየ ነገር አይታለች። በ1552 ዓመት የሱልጣን ሱሌይማን ሚስት ሑረም ሱልጣን በአሮጌው ከተማ ውስጥ ለድኾች ሾርባና ኅብስት የሚታደልበት ቤት አቆመች፤ ለእርሱም መንደሮችን ወቀፍ አደረገች። ተሳላምያን በአጠገቡ በምታልፉበት ጊዜ መንገዱ እስከ ዛሬ በዚያ ማእድ ቤት ስም እንደሚጠራ ትሰማላችሁ። ስለ እኛም ካነሣን፥ የኢትዮጵያ መነኮሳት በግብር ዕዳና በመከራ ርስታቸውን ካጡ በኋላ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአርመን ገዳም በሚሰጣቸው ኅብስት ይኖሩ እንደ ነበር የዚያ ዘመን ተጓዦች ጽፈውታል። በ1838 ዓመት ቸነፈር መጥቶ ብዙዎቹን እስከ ጨረሳቸው ድረስ የኖሩት ከሰው እጅ በሚቀበሉት ቁራሽ ነው። ስለዚህ ለሚቀበለው ሰው የምንናገረው ከሩቅ ሆነን አይደለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዚያ አገር ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቤት የሌላቸው ሰዎች በየከተማው አደባባይ በዙ፤ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራትም በመናፈሻ ቦታዎች ምግብ ማደል ጀመሩ። ነጋዴውና ባለ ቤቱ ጐረቤት አጕረመረመ፤ የከተማ ምክር ቤቶችም ደንብ ማውጣት ጀመሩ። በነቫዳ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ላስ ቬጋስ በ2006 ዓመት በመናፈሻ ውስጥ ለችግረኛ ምግብ መስጠትን ከለከለች። ችግረኛ ማለት ማን እንደ ሆነ ሲተረጕምም፥ ተራ ሰው አይቶ «ይህ የመንግሥት ርዳታ ይገባዋል» ብሎ የሚገምተው ነው አለ። እንግዲህ በዚያ መናፈሻ ልብሱ ያማረውን ወዳጅህን ብትጋብዝ ማንም አይነካህም፤ ልብሱ የተቀደደውን ብትጋብዝ ግን ትከሰሳለህ። ሕጉን የፌዴራል ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው በ2006 ዓመት በፍሎሪዳ የምትገኘው ኦርላንዶ በመሐል ከተማ መናፈሻዎች 25 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ለማብላት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ለአንድ ማኅበር በአንድ መናፈሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጣል አለች። ይህንን ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2011 ዓመት አጸደቀው፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ምግብ ያደሉ ሰዎች ተያዙ። የሰው ረኃብ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ደንቡ መልካም ነበር። ፊላዴልፊያ በ2012 ተመሳሳይ ክልከላ አውጥታ በፍርድ ቤት ታገደች። በቴክሳስ የምትገኘው ሂውስተን በዚያው ዓመት ከአምስት ሰው በላይ ለማብላት የቦታው ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ደንብ አወጣች፤ በ2023 ግን አጥብቃ መክሰስ በጀመረች ጊዜ፥ በመጀመሪያው ክስ ለፍርድ የተቀመጡት ተራ ሰዎች ተከሳሹን ነጻ ለቀቁት።

ከተሞቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ሐሰት ነው ብንል እውነቱን እናጐድላለን። በማእድ ቤት ያገለገለ መነኵሴ ሁሉ ወጥ ለብዙ ሰዓት ከቆመ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ የአሜሪካም የጤና ደንብ ትኩስ ምግብ ከ57 ዲግሪ እንዳይወርድ ያዝዛል። ቆሻሻም ይከማቻል፤ ጠብም ይነሣል። ከሁሉ የበረታው ምክንያት በካሊፎርኒያ የታየው ነው። ከ2016 እስከ 2018 በሳን ዲዬጎ አውራጃ ሄፓታይተስ ኤ የተባለ የጉበት በሽታ ተነሥቶ 20 ሰዎች ሞቱ፤ ከተያዙት ብዙዎቹ ቤት የሌላቸው ነበሩ። በአውራጃው ያለችው የኤል ካሆን ከተማ በ2017 በከተማው ቦታዎች ምግብ ማደልን ከለከለች፤ በ2018 ጥር ወርም ክልከላውን ተላልፈው ያደሉ ሰዎች ተከሰሱ። ነገር ግን ይህ በሽታ የሚተላለፈው ከሰገራ በእጅ በኩል ወደ አፍ ነው። በመንገድ የሚያድሩት ሰዎች ያጡት መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠቢያ ውኃ ነበር፤ በሽታውም የተገታው ክትባት በመስጠት፥ የእጅ መታጠቢያ በየመንገዱ በማቆምና መጸዳጃ በመክፈት ነው። ከባልዲ ውኃና ከሳሙና ይልቅ መጀመሪያ የተነሣው ጭልፋው መሆኑ ያሳዝናል።

ብዙ የተነገረለት ነገር የተፈጸመው በፎርት ላውደርዴል ነው። ይህችም በፍሎሪዳ ባሕር ዳር ያለች፥ ባለጠጋና የሽርሽር ከተማ ናት። አርኖልድ አቦት የሚባል፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ ሽማግሌ፥ ከ1991 ዓመት ጀምሮ በሞት ለተለየችው ሚስቱ መታሰቢያ አድርጎ ድኾችን ይመግብ ነበር። በእኛ ቋንቋ ተዝካር ያወጣላት ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም፤ የእርሱ ተዝካር ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። በ2014 ዓመት በጥቅምት ወር የከተማው ምክር ቤት በግልጥ ቦታ ምግብ ማደልን የሚያጠብ ደንብ አወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ በኅዳር መጀመሪያ፥ አቦት በ90 ዓመቱ ከሁለት የክርስትና አገልጋዮች ጋር ሲያድል ፖሊስ መጥቶ ሳህኑን እንዲያስቀምጥ አዘዘውና ከሰሰው። ቅጣቱ እስከ 60 ቀን እስርና እስከ 500 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችል ነበር። ሽማግሌው ግን ሲከሰስም አልተወም፤ ተመልሶ ማደሉን ቀጠለ። በ2019 ዓመት ዐረፈ።

በዚያችው ከተማ በመናፈሻ በየሳምንቱ ምግብ የሚያድል «ምግብ እንጂ ቦምብ አይሁን» የተባለ ማኅበር ከተማዪቱን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2018 ዓመት፥ በአደባባይ አብሮ መብላት ሐሳብን የመግለጥ ነጻነት ውስጥ የሚገባ ሥራ ነው ብሎ ፈረደ፤ በ2021 ዓመትም የመናፈሻው ደንብ በማኅበሩ ላይ መፈጸሙ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ወሰነ። ዳኞቹ ማዕድ ይናገራል ብለዋል። ይህ ቃል በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲነገር አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን የታወቀ ነገር ነው፤ ጌታችን ከቀራጮችና ከኀጥኣን ጋር ስለ በላ የተከሰሰው ማዕዱ ስለሚናገር ነው።

ከአሜሪካ ከተሞች የምትመጡ ወገኖቻችን በዚህ ነገር ድርሻ አላችሁ። ዝክራችሁን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ታደርጋላችሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጠግቦ የመጣ ወገን ነው፤ ነዳዩ በውጭ በድልድይ ሥር አለ። ማኅበራችሁ ወደ እርሱ ለመውጣት ቢያስብ አስቀድሞ የከተማውን ደንብ ይጠይቅ። ፈቃድ የሚገኝ ከሆነ ፈቃድ ያውጣ፤ የምግብ ንጽሕና ትምህርት የሚያዝ ከሆነ ይማር፤ ስፍራው ይለወጥ ቢባል ድኻው የሚደርስበት እስከ ሆነ ድረስ ከነድስቱ ይሂድ። ይህ ማዕዱን ማደራጀት ነው፥ ከዲያቆናቱም ሥርዓት ነው። ደንቡ ግን ሌላ ስፍራ ሳያሳይ «ተዉ» የሚል ከሆነ፥ የፓሪስ ሊቃውንት በ1531 የከለከሉት እርሱን ነው፤ በዚያን ጊዜ ጠበቃ ይዞ በአገሩ ፍርድ ቤት መቆም ክብር እንጂ ነውር አይደለም።

እንዲህ ካደረጉት መካከል አንዲቱ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በኦሬጎን ክፍለ ግዛት በባሕር ዳር በምትገኘው በብሩኪንግስ ከተማ በቅዱስ ጢሞቴዎስ ስም የተሠራች የኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን አለች። በከተማው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ቀን ተካፍለው ድኾችን ያበሉ ነበር፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሌሎቹ ሲያቆሙ ቅዱስ ጢሞቴዎስ ቀኖቻቸውንም ደርባ ያዘች። በ2021 ዓመት ጐረቤቶች ፊርማ አሰባስበው ከሰሱ፤ ምክር ቤቱም በጥቅምት ወር በመኖሪያ ሰፈር ያለች ቤተ ክርስቲያን ነጻ ምግብ ልታበላ የምትችለው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። ይህ በመንገድ ወይም በመናፈሻ ሳይሆን በገዛ ቤቷ ነው። ካህኑና ምእመናኑ ማብላታቸውን ሳያቋርጡ በ2022 መጀመሪያ ከተማዪቱን ከሰሱ። አሜሪካ በ2000 ዓመት ያወጣችው፥ ስለ ሃይማኖት ቦታዎች የመሬት አጠቃቀም የሚናገር ሕግ አለና በእርሱ ተከራከሩ፤ ምግቡ ከአምልኮታችን የተለየ ሥራ አይደለም አሉ። በ2024 መጋቢት ወር የፌዴራሉ ዳኛ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ፈረደ። በፍርዱም ላይ፥ ቤት የሌላቸው ሰዎች ወሮበላ ሳይሆኑ የተቸገሩ ዜጎች ናቸው፥ ጊዜውም ርዳታን የሚያጠብ ደንብ የሚወጣበት ሳይሆን በመተባበር የሚሠራበት ነው የሚል አሳብ ጻፈ። ደንቡ ከወጣበት ቀን እስከ ፍርዱ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ያህል አልፎአል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ታበላ ነበር።